ጳጉሜ፣ የመጨረሻ መልሴ

ሃዊዬ! ነይ እዚህ ተቀመጪ። እዚያ ጥግ ጣሪያው ያፈሳል። ጠጋ በይ ግድ የለም፣ አግዳሚው ለሁለት ይበቃል። ከሥራ ነው እንዴ? አይ የቂሊንጦ ፋብሪካ! እሑድንም ከሰኞ ቀላቀሉብሽ በቃ። ሰርቪሱስ እዚህ ድረስ አመጣሽ ወይስ ያው አደባባዩ ላይ አውርዶሽ ሄደ? እግርሽ እኮ አብጧል የኔ እህት፣ ቤት ስትገቢ ለብ ባለ ውሃ ጨው ጨምረሽ ንከሪው። ውሃ ከመጣ ነው እሱም… ዛሬ የኛ ቀን ነው ብለዋል፣ ባለፈው እሑድም እንዲሁ ብለው ነበር።

ስብሰባው ገና ነው፣ አታስቢ። ሰው አልሞላም ይላሉ። ቱሉ ዲምቱ ዝናብ ሲጥል ሁሉም ሰው ድንገት ያመዋል። ሊቀ መንበር እንምረጥ ሲባል ይሄ ኮሙናል ባዶ፣ ሊቀ መንበሩ ምን ሠራልን ሲባል ደግሞ መቆሚያ የለውም። አንቺ ከገባሽ ገና አራት ወርሽ ስለሆነ ደንቡን አታውቂው ይሆናል። ለሊቀ መንበርነት የሚቀርብ ሰው ከራሱ መወጣጫ አምስት ጎረቤት ተነስቶ «አውቃቸዋለሁ» ማለት አለበት። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። እጅሽን አውጥተሽ «አውቃቸዋለሁ» ትያለሽ፣ አለቀ። ቀላል ቃል ናት አይደል? አንዳንድ ሰው አፍ ላይ ግን እንዴት እንደምትከብድ…

ከኛ መወጣጫ የሚቀርቡት እኚህ ከፊታችን የተቀመጡት ናቸው። ቀስ ብለሽ እዪ፣ እንዳይሰሙሽ። ጆሯቸው እንኳን ደህና ነው፣ በስልክ ሲሆን ብቻ ነው ሰው መለየት የሚያስቸግራቸው… ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ሸሚዛቸውን ተመልከቺ፣ እንዴት አድርጎ ነው የተተኮሰው! አንደበታቸውን ብትሰሚ ደግሞ ትደነቂያለሽ። ደረጃ ላይ ስታገኚያቸው እንኳ ሰላምታቸው ቁጥብ ነው፣ የተማረ ሰው ቃል አያባክንም።

ጃንጥላቸውስ አያምርም? ቢጫና ሰማያዊ፣ እጀታው ቆልመም ያለ። ጽሑፉ ትንሽ ለቋል እንጂ «ዕጣና ዕውቀት» ነው የሚለው። እኔ ጃንጥላውን ባየሁ ቁጥር አንድ ወሬ ትዝ ይለኛል። የሌላ ሰው ወሬ ነው፣ የሌላ ብሎክ። ጃንጥላው ይመሳሰል እንጂ ሰውዬው ፈጽሞ ሌላ ናቸው፣ እንዳትቀላቅይብኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ላውራሽ?

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። «ዕጣና ዕውቀት» የሚባል የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ነበር በቴሌቪዥን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በቀጥታ ስርጭት። ለአረጋውያን መጠለያ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሎተሪ ነው ነገሩ። ትኬት ትገዣለሽ፣ ጉርዱ ትልቅ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ የወጣለት ሰው እዚያ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠየቃል። አንድ ጥያቄ በመለሰ ቁጥር ለራሱ አንድ ዕቃ፣ ለአረጋውያኑ አንድ ፍራሽ። ዘጠነኛዋን ከመለሰ ባጃጅ! አዲስ፣ ፕላስቲኩ ያልተነሳ። ዘጠነኛዋን ከሳተ ግን ዕቃው ሁሉ ይመለሳል፣ ፍራሹ ለአረጋውያኑ ይቀራል፣ እሱ የመጽናኛ ተሰጥቶት ይሸኛል። መጽናኛው ምን ነበር መሰለሽ… አሁን ተይው፣ በኋላ እነግርሻለሁ። ብቻ ዝናብ ላይ ይጠቅማል።

እና ያ የነገርኩሽ ሰውዬ፣ የሌላ ብሎኩ፣ አንድ ትኬት ገዙ። የሸጠችላቸው አንዲት የሱቅ ሴት ናት። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አጠገብ ትንሽዬ ሱቅ አላት። ሶፍት ትሸጣለች፣ ሳሙና፣ ብርቱካን፣ ያኔ ደግሞ የሎተሪ ትኬት። የጠያቂ ስልክም ታስቀምጣለች፣ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ማለት ነው። ስልኩን አጥፍተሽ ትሰጫታለሽ፣ ቁጥር የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ ትሰጥሻለች፣ ስትወጪ ትቀያየራላችሁ። አዎ፣ ልክ እንደኔ… ምን ያስቅሻል? እዚያ በር ላይ ሱቅ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ይቺ ሴት ታዲያ የሰውዬው ጎረቤት ናት። እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ በላያቸው ሦስተኛ። እሷ ቤቷን ስታጥብ የእሳቸው ጣሪያ ይረጥባል፣ እሳቸው ቀይ ሽንኩርት ሲያስጠብሱ የእሷ መጋረጃ ይሸታል። ከዚህ በላይ መተዋወቅ አለ እንዴ? በየረመዳኑ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ማታ ሳምቡሳ በሳህን አድርጋ ትወርድላቸዋለች። ሰባት ዓመት፣ ሰባት ሳህን። እሳቸው በር ከፍተው ምን ይሏት ነበር መሰለሽ? «እንዴ! ጾማችሁ ዘንድሮም ቀደመ! አምና ከዚህ ዘግይቶ አልነበረም እንዴ?» በየዓመቱ! በየዓመቱ ይገረማሉ፣ በየዓመቱ ሳህኑን ይቀበላሉ። ይቺን ነገር ያዢልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ትኬቱንም ቢሆን እንዲሁ በጥሳ አልሰጠቻቸውም። ከመሃል መዛ «ይቺ እጄ ላይ ሞቀችኝ፣ ይቺን ይውሰዱ ጋሼ» ብላ ነው። ወጣላቸው! ብሎኩ በእልልታ ተናጋ። እሷም እልል አለች፣ ለምን ትዋሻለች፣ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት። ጎረቤት ሲያልፍለት ማን ይጠላል?

ፕሮግራሙ ላይ አንዴ ስልክ ደውሎ፣ በሠላሳ ሰከንድ፣ ሰው መጠየቅ ይፈቀዳል። ሰውዬው ማንን ይምረጡ? የባለቤታቸውን ወንድም፣ መምህር ሰይፈሥላሴን። ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ ዓለምን በቃሉ ነው የሚያውቃት። እንግዲህ አስቢው፣ ሰውዬው «እሑድ ስልክህን እንዳታጠፋ» ብለው ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀውታል። እሱም የታመነ ሰው ነው፣ አላጠፋም። ብቻ ያን እሑድ የታሰረ አብሮ አደጉን ሊጠይቅ ቃሊቲ መጣ። ሰዓቱ ይደርስልኛል ብሎ ነው፣ ወረፋው መች እንደሚያልቅ ማን ነግሮት? እና ስልኩን ለዚያች ሴት ሰጣት። «እህቴ፣ ይሄን እንኳን አታጥፊው፣ ከቴሌቪዥን ሊደወል ይችላል። ከጮኸ አንሺና አሁን መጣ በይልኝ» አላት። ስልኩ በርቶ ቀረ፣ ባለቤቱ በሩን አልፎ ገባ። አየሽ የተማረ ሰው ትእዛዝ ሲጠብቅ? አጥፋ አልተባለም፣ አላጠፋም። አብረኸው ሁን ግን ማንም አላለውም።

ወዲያ ደግሞ ሰውዬው እየገሰገሱ ነው። የጁስ መፍጫ ገባላቸው፣ ቴሌቪዥን ገባላቸው፣ ፍሪጅ ገባላቸው። ስምንት ጥያቄ ሃዊ! ስምንት! ዕውቀታቸውን መካድ ነውር ነው። ሴትዮዋ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን የላትም፣ ባሏ ከቤት እየደወለ «ስድስት ደረሱ፣ ሰባት ደረሱ» ይላታል፣ እሷ እዚያ ብርቱካኗ መሃል «ያረብ ጨርስላቸው» እያለች ዱአ ታደርጋለች። ወላሂ እውነቴን ነው። ያን ዱአዋን ሳስበው እስከ ዛሬ ታሳዝነኛለች፣ የዋህ ናት።

ዘጠነኛዋ መጣች። ጥያቄው ምን ይላል? «የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በስንት ቀን ያህል ያጥራል? አምስት፣ አስራ አንድ፣ ሃያ፣ ሠላሳ።» ሰውዬው ግንባራቸውን ጠረጉና «ልደውል» አሉ።

የመምህሩ ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳች።

«ከዕጣና ዕውቀት ነው፣ መምህር ሰይፈሥላሴን ነበር» ይላል አስተናጋጁ።

እሷ ደንግጣ «ውስጥ ነው» አለች።

«የት ውስጥ?»

«ቃሊቲ።»

ሃዊ ሙች፣ አዳራሹ በሙሉ ወደ ሰውዬው ዞረ አሉ! አገር እያየ ነው። ሰውዬው ሲያወድሱት የቆዩት አማቻቸው፣ መምህሩ፣ ቃሊቲ ውስጥ! ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀላ። እሷ ደግሞ ምን ታድርግ፣ ጠያቂ ነው ብላ እስክታስረዳ ሠላሳ ሰከንዱ እየሄደ ነው። አስተናጋጁ «እሺ፣ ስልኩን ያነሱት እርስዎ ያግዟቸው» ብሎ ጥያቄውን በፍጥነት አነበበላት። አንብቦም አልጨረሰ! «አስራ አንድ!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ አስራ አንድ ነው! በየዓመቱ አስራ አንድ ቀን እየቀደመ እኮ ነው የምንጾመው! እኔ ነኝ ጋሼ! ነጅላ ነኝ፣ ከላይ ፎቅ!»

አዎ… ነጅላ ነው ስሟ። እንዲህ አትዪኝ እስቲ፣ ነጅላ የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ እዚህ አገር? ሱቋም ይመሳሰላል፣ ስሟም ይመሳሰላል፣ አላህ ሲያመሳስል እንዲህ ነው።

አስተናጋጁ ወደ ሰውዬው ዞረና «ያውቋቸዋል? መልሳቸውን ይቀበላሉ?» አላቸው። አየሽ፣ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቃቸው። ሁለቱም ቀላል። ስምንቱን ከባድ የመለሱ ሰው ለዚህ ያንሳሉ?

ከረቫታቸውን አስተካከሉ። «አላውቃትም» አሉ። «ስልኩን ያነሳች የሱቅ ሴት ነገር ትሆናለች።»

ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር ሃዊ። ጆሮዋ ላይ ነው። ከፊቷ ካርቶን አስራ ሰባትን ይዞ የቆመ ጠያቂ «ስልኬን» እያላት፣ እሷ «አላውቃትም» የምትለዋን ቃል በሰው ስልክ ትሰማለች። ባጃጁ አይደለም ያንገበገባት። ባጃጅ የእሷ መች ሆነና! ለምን እንደዋሹ አይገባኝም አላለችም፣ ገባት። የአገር ፊት ላይ «አዎ፣ ጎረቤቴ ናት፣ እስር ቤት በር ላይ ብርቱካን ትሸጣለች» ማለት አሳፈራቸው። ይሄ ነው ያማት። አሁንም ያማታል መሰለኝ… እኔ በምን አውቃለሁ፣ ስገምት ነው።

ቆይ፣ ገና አላለቀም፣ ዋናው አሁን ነው። ሰውዬው ትከሻቸውን ነፋ አድርገው ለአገሩ ማስተማር ጀመሩ። «ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው» አሉ። «እነሱ አስራ ሁለት ወር ነው ያላቸው። እኛ አስራ ሦስት። እኛ ያለን እነሱ የሌላቸው ማን ናት? ጳጉሜ! ጳጉሜ ደግሞ አምስት ቀን ናት። አምስት፣ የመጨረሻ መልሴ።» እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው! እኔ ዕድሜ ልኬን ብቀመጥ ይቺን አላስባትም። በሰባት ዓመት ሰባት ሳህን ሳምቡሳ እየበሉ፣ በገዛ አፋቸው «ዘንድሮም ቀደመ» እያሉ፣ በአምስት ቀን ብቻ! ስድስቱን ቀን ከሳምቡሳው ጋር ውጠውት ነዋ።

ሙዚቃው አንዴ ድም አለ። ከዚያ «አስራ አንድ» የሚለው አረንጓዴ በራ። ፍሪጁን ሁለት ልጆች እየገፉ ከመድረኩ አወጡት። ሰውዬውንም ጃን… የመጽናኛቸውን አስይዘው ሸኟቸው። ቲሸርትም ነበረው አሉ፣ ጠቧቸው ለወንድማቸው ሰጡት።

መምህሩ ከጥየቃ ሲወጣ «ተደወለ?» አላት። «ተደውሏል» አለችው። «ምን አልሽ?» «የማውቀውን» አለችው። የማስቀመጫውን ዋጋ እንኳ አልተቀበለችውም። ቤት ስትደርስ ባሏ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ከታች ፎቅ በር ሲዘጋ ተሰማ፣ ቀስ ተደርጎ።

ፕሮግራሙማ ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ብቻ ነው የቆየው፣ በጠቅላላው ስድስት። ትኬቱ ስላልተሸጠ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከእሳቸው በኋላ ማንን ይጠይቁ ብዬ ነው የማስበው። ደግሞ ከስረው ቀሩ እንዳትይኝ! ስምንት ፍራሽ ገብቷል ለመጠለያው። ስምንት አረጋውያን ዛሬ ማታም በእሳቸው ዕውቀት ላይ ነው የሚተኙት። ፍራሿ ቀጭን ናት ይላሉ እንጂ ሰፊ ናት…

ሴትዮዋ ተቀየመች ወይ? ኧረ ምን በወጣት! በቀጣዩ ረመዳን የመጀመሪያው ቀን ማታ እንደ ወትሮዋ ሳህኗን ይዛ ወረደች። ብቻ ያኔ ቆጥራ ነው የሞላችው። አስራ አንድ ሳምቡሳ። ዘንድሮም አስራ አንድ። አንድ አልጨመረች፣ አንድ አልቀነሰች። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰላት፣ ታጥቦ። «ዘንድሮም ቀደመ» የሚለው ነገር ግን ቀርቷል። በሩን ከፍተው ይቀበሏታል፣ ሳህኑን ያያሉ፣ ጣሪያውን ያያሉ፣ ይዘጋሉ። የዕውቀት ሰው ናቸው፣ ሳይቆጥሩት አይቀሩም።

እሰይ፣ ጃለታ ተነሳ። ሊጀመር ነው። ጸሐፊያችን ነው ጃለታ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ድምፁ ብቻ እንደ ታክሲ ረዳት ነው። ስሚው… አዎ፣ እጩውን እያስተዋወቀ ነው። የኛን ማለቴ ነው፣ እኚህኛውን። አሁን «የምታውቋቸው እጃችሁን አውጡ» ይላል። አላልኩሽም?

አንድ… የመሬት ቤቷ አውጥታለች። ሁለት፣ ሦስት። እዚያ ከኋላ አራት። አምስተኛው ሮሪሳ ነበር፣ ዛሬ ለቅሶ ሄዷል። ሌላው ተከራይ ነው፣ አንቺም ተከራይ ስለሆንሽ አይቆጠርልሽም። እንግዲህ ከመወጣጫው ማን ቀረ? እኔ ልሁን እንዴ የቀረሁት? አይገርምሽም!

ለካ ዛሬ ጠዋት በሬ የተንኳኳው ለዚህ ነው። አልነገርኩሽም? እኚህ ሰው፣ ከፊታችን ያሉት፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዘው ወጡ። ብርቱካን ነጋዴ ቤት ብርቱካን! «ነጅላ፣ እንደምን አደርሽ» አሉኝ። በስሜ! ስሜን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ በቴሌቪዥን ሰምተውት ይሆናል። ደረጃውን ሲወጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፣ ደረጃው ወደ ላይም እንደሚሄድ ያወቁ ዛሬ ነው መሰለኝ። ብርቱካኑን ተቀበልኳቸው፣ ምን ላድርግ።

ውይ… አየሽ? ዞሩ። ወደኛ ዞሩ ሃዊ። ዓይኖቻቸውን ተመልከቺ እስቲ፣ ልክ ስልክ ላይ ሠላሳ ሰከንድ የቀረው ሰው። ጃለታ «አምስተኛ እጅ ከሌለ እንለፈው?» እያለ ነው። ሰውዬው ጃንጥላቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል።

ያዢልኝ እስቲ ይቺን ቦርሳ።

ጃለታ! እዚህ ነኝ! እጄ ይታይሃል? ጻፍ፣ አምስተኛ። ነጅላ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አውቃቸዋለሁ። ኧረ ጠንቅቄ ነው የማውቃቸው፣ ብሎኩ ሁሉ ይስማኝ፣ ቴሌቪዥን ይምጣና ይቅረጸኝ! እኔ እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ!

አይነሱ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ በአላህ ይቀመጡ። ምስጋና አያስፈልግም፣ ሳልመርቅ እጄን ማውረድ ደግ ስላልሆነ ነው። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ወንበርዎን ያጽናልዎ። ጃንጥላዎን ንፋስ አይገልብጥብዎ። ክፉ ቀን መጥቶ ቢደውሉ እንኳ፣ ስልኩን የሚያነሳልዎ አይጡ… አላህ፣ ጋሼ፣ የማያውቁት ሰው አያሳጣዎ።